የአኔሞን አስታማሚ

የታመመ ሰው ቤት የገባ ጠያቂ ሁሉ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ካሳረፈ በኋላ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ፌጦ በሎሚ ያዝዛል፣ ሌላዋ ዳማከሴ አሽታችሁ አጠጡት ትላለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ የመጣው የአልጋው ራስጌ ወደ በር በመዞሩ ነው ብሎ አልጋ ያስነሳል። ታማሚው ይህን ሁሉ የሚችለው ማምለጫ ስላለው ነው፤ ሲበዛበት «እስቲ ትንሽ ዓይኔን ልክደን» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ባሕር አኔሞን የሚሉት ፍጡር ግን የሚከድነው ዓይን፣ የሚያዞረው ፊት የለውም። አፍ አለው፤ ለአቤቱታ ግን አይሆነውም። በአኳሪየም ውስጥ ታሞ ሲጨማደድና ባለቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ድረስ ሲገባበት፣ ዕጣው ዝም ብሎ መታከም ነው። እኔ የምለው፣ የታመመ አኔሞን የሚያስፈልገው ሐኪም ሳይሆን አስታማሚ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። ሐኪም ሰውነቱ ላይ ይሠራል፤ ይነካል፣ ይወጋል፣ ይቀዳል። አስታማሚ ሰውነቱን ለባለቤቱ ትቶ ክፍሉን ያጸዳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ጠያቂ በዘዴ ይመልሳል፣ ሌሊት ተነሥቶ ትንፋሽ ያዳምጣል። አኔሞን የሚሞተው ብዙውን ጊዜ አስታማሚ አጥቶ፣ ሐኪም በዝቶበት ነው።

«ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር አበባ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ግን አኔሞን አበባ አይደለም፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ የሆነ፣ ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው ሥጋ በል እንስሳ ነው። አንጎል የለው፣ ልብ የለው፣ አጥንት የለው፤ የሚጎርስበትና ያልተፈጨውን የሚያስወጣበት ቀዳዳ አንድ ነው። (ይህን የሰማ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል፤ አኔሞኑ ግን አፍሮበት አያውቅም።) በየቤቱ አኳሪየም በብዛት የሚገኘው፣ የመዳሰሻዎቹ ጫፍ እንደ አምፑል የሚያብጠው ዝርያ፣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1828 ከቀይ ባሕር በተገኘ ናሙና ነው። ስሙ የወጣበትን መጽሐፍ ከባልደረባው ከሎይካርት ጋር ያሳተመው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ዘለቀ፤ ለስሜኑ ዋልያም በ1835 ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት እሱ ነው። እንግዲህ አኔሞኑና ዋልያው በሩፔል በኩል ይዛመዳሉ ማለት ይቻላል። ዝምድናው ከዚህ በላይ እንዲጠብቅ የሚፈልግ አንባቢ ካለ አስቸጋሪ ሰው ነው።

ማስታመም የሚጀምረው ታሟል ወይስ አልታመመም ከሚለው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ገና እዚህ ላይ ነው። አኔሞን አጥንት ስለሌለው ቅርጹን የሚይዘው ሆዱ ውስጥ በሞላው ውኃ ነው። የቆየውን ውኃ መለወጥና ቆሻሻውን ማስወጣት ሲፈልግ ያንን ውኃ ይለቅና ከአልጋ ሥር እንደ ተገኘ ካልሲ ይሆናል። ከአፉ ቡናማ ክር የሚመስል ነገርም ይወጣል። አዲስ ባለቤት ይህን ሲያይ «አንጀቱ ወጣ!» ብሎ ቤቱን ያናውጣል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ካልሲው ተመልሶ ይነፋና ምንም እንዳልተፈጠረ መዳሰሻዎቹን ይዘረጋል። የእውነተኛው ሕመም ምልክት ሌላ ነው። አፉ ተከፍቶ ይቀራል። መዳሰሻው የነካውን አልይዝ ይላል። እግሩ ድንጋዩን ለቅቆ በሞገዱ ይንከባለላል። መጨማደዱ ሰዓታትን አልፎ ቀናትን ይቆጥራል። ስለዚህ የአስታማሚው የመጀመሪያ ሥራ አንድ ቀን ዝም ብሎ ማየት ነው። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ጣቱን የሰደደ ሰው ያልታመመውን ያሳምማል፤ የተነካ አኔሞን ይኮማተራልና፣ ሲኮማተር የባሰበት ይመስላልና፣ የባሰበት ሲመስል ደግሞ እንደገና ይነካልና። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የተባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ከሕመሞቹ ሁሉ ተንኮለኛው ግን የሚያሳምረው ነው። በአኔሞኑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ስኳር ይሠራሉ፣ ከሠሩትም ለአከራያቸው ያካፍላሉ። ቡናማው መልክ የእነሱ ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ብርሃኑ ሲጎድል ወይም በድንገት ሲበዛ፣ በጉዞ ሲንገላታ፣ አከራይና ተከራይ ይለያያሉ፤ አኔሞኑም ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ሻማ ያለ ነገር ይሆናል። ሱቅ የገባ ገዢ ታዲያ ቡናማውን ጤነኛ በዓይኑ አልፎ ነጩ ላይ ይቆማል። «ይኼኛው እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ከሆስፒታል የወጣን ሰው «ቀጥነህ አማረብህ» እንደ ማለት ነው። ቀለም ተነክሮ ቢጫ ሆኖ የሚሸጥም አለ፤ እሱ ደግሞ ታሞ ሳለ ለሠርግ የተኳለ ነው። ከዚያ ባለቤቱ ነጩን ይዞ ይገባና፣ ብርሃን አጥቶ ነው የነጣው በሚል ስሌት በመጀመሪያው ቀን ያለውን አምፑል ሁሉ ያበራበታል። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሁለት ወር ጾሞ የፋሲካ ዕለት ክትፎና ዶሮ ላይ የወደቀ ሆድ ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች ይህን ልንስተው አይገባም። የቀሩት አልጌዎች ጥቂት ናቸው፤ ጠንካራው ብርሃን እነሱንም ይጎዳል። ብርሃን በደበዘዘ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ተሳክቶ እንደ ሆነ ወተት የመሰለው አካል መጀመሪያ ማኪያቶ፣ በመጨረሻም ቡና በወተት ይመስላል። ይህ ወራት ይፈጃል፤ ለጎረቤት የሚታይ ትዕይንትም የለበትም።

ዋናው የማስታመም ሥራ የሚሠራው ከታማሚው ዙሪያ ባለው ውኃ ላይ ነው። ለእኛ ውኃ የምንጠጣው ነገር ነው፤ ለአኔሞን ግን አየሩም፣ አልጋውም፣ የሆድ ዕቃውም ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነትነቱ እዚህ ጎልቶ ይታያል፤ አሞኒያ የሞላበት ውኃ ልክ እንደ ጠበል ጠርቶ ይታያልና። ስለዚህ የአስታማሚው መሣሪያ ዓይኑ ሳይሆን መለኪያው ነው፦ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ፣ ሙቀት 25 ወይም 26 ዲግሪ፣ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ። ጨዋማነቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከአኳሪየሙ በየቀኑ ውኃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። እሳት ላይ ተረስቶ የመጠጠ ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ የጎደለውን በጨው ውኃ የሚሞላ ሰው ታማሚውን ቀስ በቀስ ጨው የበዛበት ሾርባ ውስጥ ያስገባዋል። የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ነው፤ የጨው ውኃ የሚገባው ቆሻሻው ተቀድቶ ሲወጣ፣ ያውም ቀድሞ ተበጥብጦ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከነባሩ ጋር ተስተካክሎ፣ ከፊሉን ብቻ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን ገልብጦ መለወጥ ሌላ መንገላታት ነው።

ሌላው የውኃ ጉዳይ ዕድሜ ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሁሉ ነገር ረግቶ አኔሞን የሚችል ቤት እስኪሆን ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ከተቻለ አንድ ዓመት መጠበቅ ይመከራል። ግን አኳሪየም የሚገዛ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያየው ቅዳሜ ገዝቶ እሑድ እንግዳ መጥራትን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአዲስ ውኃ የታመመ አኔሞን ሕመሙ የራሱ አይደለም፤ የታመመው ቤቱ ነው፣ እሱ ምልክቱ ብቻ ነው።

«ታዲያ ቦታው ባይመቸው ነው፤ አንሥቼ ብርሃን ያለበት ላስቀምጠው» የሚል ሰው ይመጣል። ይህ አልጋ የሚያዞረው ጠያቂ ነው። አኔሞን እግር አለው፤ አንድ ብቻ፣ ግን ይሄድበታል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ የሚል ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ አኔሞን ግን በአንድ ሌሊት ከአኳሪየሙ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሻገር በየጊዜው ይታያል። ሞገዱ፣ ብርሃኑ፣ መያዣ ስንጥቁ ሲስማማው ይቆማል። ከዚያ በግድ ያነሣው ሰው እግሩን ይቀድዳል፤ የተቀደደ እግር ደግሞ ከሚገድሉት ቁስሎች ዋነኛው ነው። ብዙዎቹ ከሱቅ ሲመጡ ያሉበት ቁስልም ይኸው ነው፤ ሻጩ ቸኩሎ ከመስተዋት ላይ ፈልቅቋቸዋልና። አስታማሚ የሚሄደውን አይመልስም፤ መንገዱን ያስተካክልለታል። የፓምፑን መሳቢያ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፍናል። ይህን ያልሠራ ሰው ጠዋት ሲነሣ የሚያገኘው በፓምፕ የተፈጨ ታማሚና የተመረዘ ውኃ ነው። እዚህ ላይ ነው እጅ በጊዜው መግባት ያለበት፤ ያውም ወደ ፓምፑ እንጂ ወደ አኔሞኑ አይደለም።

ምግብን በሚመለከት ከእኛ ሰው ጋር መከራከር ከባድ ነው። ታማሚ «አልበላም» ሲል «በሞቴ አንዲት ጉርሻ» የምንል ሕዝቦች ነን፤ ጉርሻው ካነሰ ደግሞ ያጣላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፦ አልጌዎቹን ያጣ አኔሞን ከውስጥ የሚቀልበው የለምና ካልጎረሰ ይሟሽሻል። እውነት ነው፤ የነጣ አኔሞን መመገብ አለበት። የምከራከረው በጉርሻው መጠን ላይ ነው። ሙሉ ሽሪምፕ የተሰጠው ደካማ አኔሞን በትሕትና ይቀበላል፤ በማግሥቱ ግማሽ በስብሶ ይተፋዋል፤ የተተፋውም ውኃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። ምግቡ ተመልሶ መርዝ ሆነ ማለት ነው። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል፤ መዳሰሻው ካልያዘላት ደግሞ ወዲያው ትወጣለች። «በሞቴ» አይባልም።

ጠያቂ የመመለሱ ነገር የሚነሣውም እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የኒሞ ፊልም የታወቀው ክላውን ዓሣ በባሕር ውስጥ ከአኔሞን ጋር ያለው ኑሮ እውነተኛ መረዳዳት ነው፤ መዳሰሻውን ሊግጡ የሚመጡትን ዓሦች ያባርርለታል፣ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያም ለአልጌዎቹ ማዳበሪያ ነው። በዚህ የተነሣ «ዓሣውን ላስገባለት፣ ያጽናናዋል» የሚል አለ። ጤነኛ ሲሆን እሺ። ታማሚ ላይ ግን ክላውን ዓሣ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ የበሽተኛውን ብርቱካን ልጦ የሚበላ ጠያቂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይታሸዋል፣ ከአፉም ምግብ ይነጥቃል። በወንፊት ግርዶሽ ይለይ። ክላውን ዓሣ በአኳሪየም ውስጥ ያለ አኔሞን ደህና አድርጎ ይኖራል፤ ናፍቆት ገደለው የተባለ የለም።

ሌላው ከባድ ተቃውሞ የመድኃኒቱ ነው። «ሐኪም አያስፈልግም ትላለህ፤ ሲፕሮስ?» እዚህ አገር ሲፕሮን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ለሆድም ለጉንፋንም ከፋርማሲ ስንገዛው የኖርነው ያው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው። ከባሕር የመጡ ትላልቅና ስስ ዝርያዎችን በእሱ ያከሙ፣ ያዳኑም ብዙ ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን አሠራሩን እንይ። ታማሚው ለብቻው በተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ይጨመራል። በማግሥቱ ውኃው በሙሉ ተደፍቶ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ የተስተካከለ አዲስ ውኃ ይገባና መድኃኒቱ እንደገና ይጨመራል። ይህ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ይደገማል። እንግዲህ የሐኪሙ ድርሻ ፍሬውን ፈጭቶ መጨመር ሆኖ ደቂቃ አይፈጅም፤ የቀረው ባልዲ፣ ጨው፣ ቴርሞሜትር፣ ሌሊት መነሣት፣ ሁሉም የአስታማሚ ነው። ያንን የማያደርግ ሰው ፍሬውን ዋናው አኳሪየም ውስጥ ቢበትነው አሞኒያውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳና ሁለተኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ለዓሣ ቆዳ በሽታ የሚሸጠውን መዳብ ያለበት መድኃኒት የሚጨምርማ ክርክሩን በአንድ ሌሊት ይዘጋዋል፤ መዳብ አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳትን ይገድላል፣ በድንጋዩና በአሸዋውም ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ለማስታመም ከታሪክ ምስክር ካስፈለገ ስኮትላንድ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1828፣ የሩፔል መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ሰር ጆን ዳሊየል የተባሉ ተመራማሪ ከኖርዝ ቤሪክ የባሕር ዳርቻ አንድ ቀይ አኔሞን ይዘው ኤድንብራ ገቡ። ፓምፕ የለም፤ የኤሌክትሪክ አምፑል የለም፤ ቤቱ የመስተዋት ማሰሮ ነበር። የሚደረግለት ነገር የባሕር ውኃውን እየለወጡ አልፎ አልፎ ቁራጭ የሙስል (የባሕር ዛጎል) ሥጋ መስጠት ነበር። ዳሊየል በ1851 ሞቱ፤ አኔሞኑ አልሞተም። ማሰሮው ከአንዱ ተመራማሪ ወደ ሌላው ተላለፈ፤ ባለአደራዎቹ ሲሞቱ ሌሎች ተረከቡ። ስሙ «አያት» ተባለ። አያት የሞተው በ1887 ነው፣ በተያዘ በ59 ዓመቱ፤ ጋዜጣም የሞቱን ዜና አወጣ። «ይህ ማስረጃ አይሆንም» የሚለኝ አዋቂ አለ፣ እሱም ልክ ነው። የስኮትላንዱ ዝርያ በሥጋው ውስጥ አልጌ የለውም፣ ብርሃን አይሻም፣ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ሰዓታት የሚቆይ ጉልበተኛ ነው፤ የሐሩሩ ዘመዱ እንደዚያ አይችልም። እቀበላለሁ። ሆኖም የእኔ ነጥብ ጉልበቱ አይደለም። ያ ማሰሮ ስንት እጅ እንደ ተፈራረቀበት አስቡት፤ ከእነዚያ ሁሉ ሊቃውንት አንዱ እንኳ «እስቲ አዲስ ነገር ልሞክርበት» ቢል ኖሮ 59 ዓመት አይሞላም ነበር። ሁሉም ከቀዳሚው የተረከቡትን አሰልቺ ሥራ ሳይለውጡ ቀጠሉ። ሊቅ ሰው አሰልቺ ሥራ ሳይለውጥ መቀጠሉ ብርቅ ነው።

«መጀመሪያስ ባይገዛ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ይህ ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ከባሕር ተነቅለው የሚመጡት ብዙዎቹ በቤት ውስጥ አይከርሙም። ግን ያ አምፑል መሳዩ ዝርያ ራሱን ለሁለት ከፍሎ ይራባል፤ ሲደላውም ይከፈላል፣ ሲከፋውም ይከፈላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የተከፈለውን ከሌላ ሰው መውሰድ ይቻላል፣ ባሕሩም አይነካም። (አኔሞኔ ሁለት ሆነልኝ ብሎ የሚደግስ ሰው ግን ድግሱን ሳያበስር ውኃውን ይለካ፤ ሲከፋው ይሆናልና።) «ባሕር ውስጥ ቢተው ይሻለው ነበር» የሚለውም ቢሆን እንደ ድሮው አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀይ ባሕር ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ በሳውዲ አረቢያ በኩል ባሉ የኮራል ስፍራዎች አኔሞኖቹ ነጥተው ብዙዎቹ አለቁ፤ የሚኖሩባቸው ክላውን ዓሦችም አብረው ጠፉ። ለሳሎኑ አኳሪየም ማቀዝቀዣ ይሸጣል፤ ለቀይ ባሕር የሚሸጥ የለም።

«እስከ መቼ ላስታምም?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ቀለም፣ መጨማደድ፣ የአፍ መከፈት፣ ሁሉም ሊያሳስቱ ይችላሉ፤ አፍንጫ ግን አያሳስትም። የሞተ አኔሞን ይቀልጣል፣ ሽታውም ክፍሉን ለቅቆ ያስወጣል፤ ያኔ በዚያችው ሰዓት መውጣት አለበት፣ አብረውት ያሉትን ይመርዛልና። ካልሸተተ አልሞተም። እጅዎን ያውጡ፣ ያድርቁ፣ ክዳኑን ይክደኑ፤ ነገ ውኃውን ይለኩ።